የወታደር ልጅ ደብተር

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በዚች አጭር መንገድ ግን አገሩ ፈጽሞ ይለወጣል። ከታች የአባያና የጫሞ ሐይቆች ወበቅና የሙዝ ማሳ ነበር፤ ጠመዝማዛው ሲያልቅ እንሰት፣ ቀርከሃ፣ ገብስና የአፕል ዛፍ ይተካል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጭጋጉ ወርዶ መንገዱን ይውጠዋል። ከዶርዜ እስከ ጨንቻ የሸማ ዕቃ ያልተተከለበት ሰፈር ማግኘት ያስቸግራል። ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል፣ ልጁ ቀሰም ያጠነጥናል። ይህ ከትምህርት መልስ ሲሠራ ማንንም አይጎዳም፤ የአባት ሙያ ከአባት እጅ መማር ነው። ልጁ ከትምህርት ገበታ ቀርቶ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ በዘመድ ወይም በዘመድ ዘመድ ቤት፣ እግሩን ከሸማ ዕቃው ጉድጓድ አስገብቶ ከንጋት እስከ ማታ ሲሸምን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከጋሞ ደጋ ሕፃናት በዚህ መንገድ ወደ አዲስ አበባ መወሰዳቸው ለዓመታት ሲነገርበትና ሲጻፍበት የኖረ ጉዳይ ነው።

ይህን ያነሣሁት ስለ ሽመና ለመጻፍ አይደለም። ስለ ወታደር ቤተሰብ ትምህርት ለማሰብ በተቀመጥሁ ቁጥር ፊቴ የሚቆመው ይህ ልጅ ስለሆነ ነው። ከደጋው ወጥቶ ሠራዊቱን የተቀላቀለ አባት ቢሰዋ ወይም ቆስሎ በቦርድ ቢሰናበት፣ መጀመሪያ የሚነካው የልጁ ደብተር ነው። ቆጮው ከጓሮ ይቆረጣል፣ ገብሱም ከማሳ ይመጣል፤ ቤቱ ወዲያው አይራብም። ደብተር፣ ዩኒፎርምና ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ከተማ የሚከራዩት ክፍል ግን ጥሬ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ጥሬ ገንዘቡን ይልክ የነበረው አባት ነው። ከርሱ ሌላ በዚያ አገር ቶሎ ጥሬ ገንዘብ የሚያስገኘው ሽመና ነው። ልጁም ወደዚያው ይሄዳል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ኢትዮጵያ ለወታደሯ፣ ለተጠባባቂዋና ለቤተሰቦቻቸው በምን ስትከፍል ኖረች? ከዚያ ክፍያ ውስጥ ትምህርት ምን ያህል ቦታ ነበረው? ዛሬስ የት ላይ ነን?

ጨንቻ ይህን ለመጠየቅ የተገባት ቦታ ናት። «ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ «ከተመ» ከሚለው የወጣ፣ ጦር የሰፈረበትን ስፍራ የሚያመለክት ቃል ነበር፤ ጨንቻም በዚያ ትርጉሙ ከተማ ሆና ነው የጀመረችው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የምኒልክ ጦር የጋሞን ደጋ ከያዘ በኋላ ነፍጠኛው እዚያ ከተመ። ኋላም ጨንቻ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ሆና ቆየች፤ መቀመጫው ወደ ቆላው፣ ወደ አርባ ምንጭ የወረደው በ1950ዎቹ ነው። በምኒልክ ዘመን ወታደሩ ደመወዙን በብር አይቀበልም ነበር። በማዕረጉ ልክ ገባር ይመደብለታል። ገባሩ እህል ያገባል፣ እንጨት ይሸከማል፣ አጥር ያጥራል፣ ቤት ይሠራል፤ ሚስቱ ትፈጫለች። መንግሥት ለወታደሩ የከፈለው ዋጋ የጋሞ ገበሬ ጉልበት ነበር ማለት ነው። ይህን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሁን በሕይወት ባይኖሩም፣ ከአባቶቻቸው ሰምተው የሚናገሩት ገና አሉ።

የገባር ሥርዓቱ ጣሊያን ተባርሮ ነጻነት ከተመለሰ በኋላ በወጡት የመሬት ግብር ሕጎች ሲቀር፣ ሌላ ዓይነት ክፍያ መጣ። በአምስቱ ዓመት ጦርነት የተዋጋው አርበኛ፣ የተሰደደው መኳንንት፣ በኋላም ወታደሩና የመንግሥት ሠራተኛው የጋሻ መሬት ይሰጠው ጀመር። የሚሰጠው መሬት ደግሞ በብዛት የሚገኘው በደቡብ ነበር። አርበኛው ውለታው ሊመለስለት ይገባ እንደነበር አልክድም። መሬት ያገኘው ቤተሰብም ከምርቱ ድርሻ ልጁን ከተማ ልኮ ማስተማር ቻለ። ነገር ግን መሬቱ ላይ ቀድሞ የነበረ ሰው ነበር። ያ ሰው ጭሰኛ ሆነ፤ ልጁም ከብት ጠባቂ ሆኖ ቀረ። የአንዱ ተዋጊ ልጅ ደብተር የተገዛው በሌላው ገበሬ ልጅ ጉልበት ነበር። የየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ምዕራፍ ዘጋው።

በዚህ ዳሰሳ ውስጥ አንድ የምሟገትለት ነገር አለኝ፤ ከዚሁ ታሪክ የመጣ ነው። መንግሥት ለወታደሩ ገባር ሲሰጥ ከአንዱ ጉልበት ነጥቆ ነው፣ መሬት ሲሰጥም ከአንዱ እግር ሥር ስቦ ነው። ትምህርት ግን ለአንዱ ልጅ ሲሰጥ ከጎረቤቱ ልጅ የሚነጠቅ ነገር የለም። እንዲያውም የወታደሩ ልጅ ሲማር የጎረቤቱ ልጅ አብሮት የሚሄድ ጓደኛ ያገኛል። ለአገልግሎት ከሚከፈሉት ዋጋዎች ሁሉ ቂም የማይተወው እርሱ ነው። እኛ ግን በታሪካችን ብዙ ጊዜ የረሳነው ይህንኑ ነው።

ሙሉ በሙሉ ረስተነዋል ማለት ደግሞ ልክ አይሆንም።

በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ታሪክ እዚህ ይገባል። በየተራው ከ6 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን እዚያ ተሰልፈዋል፤ ከ120 በላይ ተሰውተዋል። ወታደሮቹ በጦርነቱ ወላጅ ያጡ የኮሪያ ሕፃናትን ሰብስበው የሚያሳድጉበት ቤት አቋቁመው እንደነበር ደቡብ ኮሪያውያን ዛሬም ያነሡታል። እነዚህ ዘማቾች አገራቸው ላይ የገጠማቸው ግን ከባድ ነበር። ደርግ ሲመጣ ከሶሻሊስቶች ጋር የተዋጉ በመሆናቸው ሜዳሊያቸውን ደብቀው የኖሩ ብዙዎች ናቸው። ውለታውን በትምህርት የመለሰችው ኮሪያ ናት። ከአሥርት ዓመታት በኋላ የኮሪያ መንግሥት፣ የቹንቾን ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ኩባንያዎች ለዘማቾቹ ልጆችና የልጅ ልጆች የትምህርት ዕድል መስጠት ጀመሩ፤ በ2006 ዓ.ም. አካባቢም ኤል ጂ ከኮሪያው የልማት ድርጅት ኮይካ ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ከፈተ። ለዘማቹ ደስ ይለኛል፤ ለአገሬ ግን አዝናለሁ። አያቱ ለተዋጋላት አገር የልጅ ልጁ በስሙ ሲማር፣ በሶማሊያው ጦርነት ካራማራ ላይ ወይም በኤርትራ ናቅፋ ላይ የወደቀው ሰው የልጅ ልጅ በአያቱ ስም የሚማርበት ዕድል ያገኘው ስንት ጊዜ ነው?

ከሁሉ በላይ ልቆይበት የምፈልገው የደርግ ዘመን ነው። መንግሥት የወታደርን ልጅ ማስተማር በቀጥታ የራሱ ሥራ አድርጎ የያዘው ያኔ ነውና፤ ክፉውም ደጉም የታየው ያኔ ነው።

በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲገባ ገበሬው በታጠቅ ጦር ሰፈር ለጥቂት ጊዜ ሠልጥኖ ወደ ኦጋዴን ተላከ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ድል ሲሆን ከኋላ የቀረው ብዙ ሺህ አባት አልባ ልጅ ነበር። መንግሥት ለእነዚህ ልጆች በስምጥ ሸለቆው፣ በአብያታና በሻላ ሐይቆች አቅራቢያ አላጌ ላይ ሕፃናት አምባን መሠረተ። መኝታው፣ ምግቡ፣ ትምህርቱ፣ ልብሱ፣ ሕክምናው በመንግሥት ነበር። የትውልድ ቀዬ፣ የቋንቋና የሃይማኖት ልዩነት ያላቸው ልጆች በአንድ ማዕድ አደጉ። ሌሎቹ ደግሞ ከ2 ሺህ በላይ ሆነው ባሕር ተሻግረው ወደ ኩባ፣ ኢስላ ዴ ላ ኹቬንቱድ ወደምትባለው ደሴት ሄዱ። እዚያ ከነበሩት የኢትዮጵያውያን ትምህርት ቤቶች የአንዱ ስም ካራማራ ነበር። አባታቸው በወደቀበት ተራራ ስም በተጠራ ትምህርት ቤት፣ በስፓኒሽ፣ ግማሽ ቀን ማሳ ላይ እየሠሩ ግማሽ ቀን ተማሩ። ከእነርሱ መካከል ሐኪምም መሐንዲስም የእርሻ ባለሙያም የሆኑ አሉ።

ይህን ባሰብሁ ጊዜ ሁለት ስሜት ይይዘኛል። አንደኛው አክብሮት ነው። ድኻ መንግሥት፣ በጦርነት መሐል ሆኖ፣ «የወደቀው ሰው ልጅ የእኔ ልጅ ነው» ብሎ በሥራ ያሳየበት ሌላ ዘመን አላውቅም። ሁለተኛው ግን የልጆቹ ነገር ነው። ልጁ እንዲማር ከእናቱ መለየት ነበረበት። አባቱ ሞቷል፣ እናቱ ግን በሕይወት የነበረች ልጅ ጥቂት አልነበረም። አያት፣ አጎት፣ አክስት ያለው ልጅ ዐሥር ዓመት ሙሉ ዘመዱን ሳያይ በአምባ ወይም በደሴት አደገ። ቋንቋውን የረሳ፣ ሲመለስም የእናቱን ቤት በአስተርጓሚ የገባ እንደነበረ ሲነገር እንሰማለን። ይህን ወደ ጨንቻ አምጥቼ ሳስበው ይበልጥ ይከብደኛል። የጋሞ ሰው የአገሩን ጉዳይ የሚመክረው በዱቡሻ፣ በአደባባይ ሸንጎው ነው፤ ዱቡሻው ላይ ሰው የሚታወቀው በአባቱ፣ በደሬው (በማኅበረሰቡ) እና በዎጋው (በባህል ሕጉ) ነው። ከዚያ ተነቅሎ የተማረ ልጅ ዕውቀት ያገኝ ይሆናል፤ የሚቆምበት ስፍራ ግን ያጣል።

ሌላም ነገር አለ፤ ለእኔ ዋናው ይህ ነው። አምባው የመንግሥቱ እንጂ የሕጉ አልነበረም። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ አምባውም ፈረሰ፤ ቦታው ዛሬ የግብርና ኮሌጅ ነው። ልጁ የመማር መብት ቢኖረው ኖሮ መንግሥት ሲለወጥ መብቱ አይለወጥም ነበር። የነበረው ግን ችሮታ ነው፤ ችሮታ ደግሞ ከሰጪው ጋር ይሄዳል።

ከአምባው ጎን ለጎን በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ወጣ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ዜጋ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል፣ ከዚያም እስከ 50 ዓመቱ ተጠባባቂ እንዲሆን አስገደደ። ከደጋው ወጣት በኮታ ተወሰደ። «ብሔራዊ ውትድርና» ሲባል እስከ ዛሬ ሰው የሚያስታውሰው አፈሳውን ነው። በ18 ዓመቱ የሚወሰደው ልጅ ትምህርቱን ሊጨርስ የደረሰው ልጅ ነበረና፣ አዋጁ መጀመሪያ የነካው የክፍሉን ወንበር ነው። መጨረሻው ደግሞ ከሁሉ የባሰ ሆነ። በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለውትድርና ሥልጠና ወደ ብላቴ፣ ከጋሞ ብዙ ወደማይርቀው ሰፈር ተላኩ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥሎ ሲወጣ ብዙዎቹ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ተሰደዱ። የወታደርን ልጅ ለማስተማር ትምህርት ቤት የገነባ መንግሥት፣ በመጨረሻው ተማሪውን ወታደር አድርጎ ሄደ።

በሰኔ 1983 ዓ.ም. 455 ሺህ ገደማ የሚሆን የቀድሞው ሠራዊት አባል ባዶ እጁን ቀረ። የሽግግሩ መንግሥት የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን አቋቋመ። ገበሬ ለነበረው ጥቂት ገንዘብ፣ ለወራት ስንቅ፣ ዘርና የእርሻ መሣሪያ ተሰጠው። በከተማ ላለው ሥልጠናና ብድር ተዘጋጀ፤ ትምህርቱን አቋርጦ የነበረውም ወደ ትምህርት ቤት እንዲመለስ መንገድ ተከፈተ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ አይነገርለትም እንጂ ትልቅ ነገር ነበር። በጦር ሜዳ ዓመታቱን የጨረሰ ሰው፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ከታናሹ እኩያ ልጆች ጋር 9ኛ ክፍል ሲቀመጥ ያየ ሰው ያስታውሰዋል።

ይሁን እንጂ የኮሚሽኑ ዐይን ተሰናባቹ ላይ ነበር። ልጁ አልታየም። ተሸንፎ የመጣው ጦር ደግሞ ማንም ሊያሞግሰው የሚፈልግ ጦር ስላልነበረ፣ ስለ ልጁ ውለታ ማንሣት የሚደፍር አልተገኘም። በጋሞ ደጋ መሬቱ ጠባብ ነው፤ ብዙ ወንድማማች በአንድ ጓሮ የሚካፈሉበት አገር ነው። ከጦር ሜዳ የተመለሰው ሰው ያችኑ ጓሮ ሊካፈል መጣ፤ የልጁም ዕጣ ከልጅነቱ ሸማ ሆነ።

ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ ሌላ ስንብት መጣ። በ1993 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ በተገኘ 170 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብድር 148 ሺህ ያህል ወታደር ተሰናበተ። የመጀመሪያው ልምድ ጠቅሞ ነበርና ሥራው የተሻለ ተደራጅቷል። መዋቅሩ ግን ያው ነበር። ገንዘቡ ለሰውዬው፣ ለአንድ ጊዜ፣ ከዚያ በቃ። የአንድ ጊዜ ገንዘብ በሬ ይገዛል፣ ጣራ ያለብሳል፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚቆይ ትምህርት ግን በአንድ ጊዜ ገንዘብ አይከፈልም።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። በ2003 ዓ.ም. የወጣውና እስከ 2014 ዓ.ም. የሠራው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 መከላከያንና ፖሊስንም ያቀፈ ነበር። ወታደሩ ከደመወዙ 7 በመቶ ያዋጣ፣ መንግሥት ደግሞ 25 በመቶ ይጨምርለት ነበር፤ ለሲቪሉ ይጨምር ከነበረው 11 በመቶ ከእጥፍ በላይ ነው። ሥራው የሚያስከፍለውን ሕጉ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ወታደሩ ሲሞት ለተተኪዎቹ አበል ይቀጥል ነበር፤ ለሚስት የባልዋ አበል 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ። የልጁ አበል የሚቆመው 18 ዓመት ሲሞላው ነበር፤ አካል ጉዳት ያለበት ከሆነ 21።

እዚህ ቁጥር ላይ ትንሽ መቆም አለብን። በዚያ አዋጅ ጊዜ የአባትየው አበል በወር 4,000 ብር ነበር እንበል። ለልጁ የሚደርሰው 800 ብር ነው። ከጨንቻ ዙሪያ ቀበሌ ወጥቶ ከተማ ላይ ሁለተኛ ደረጃ የሚማር ልጅ ክፍል ይከራያል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱ ሄዶ ስንቁን፣ ቆጮውንና ጥሬውን ተሸክሞ ይመለሳል። ከኪራይ የተረፈችው ሳንቲም ለደብተርና ለላምባ ትሆናለች። በዚህ ሁኔታ እስከ 18 ዓመቱ ዘለቀ እንበል። የገጠር ልጅ ብዙ ጊዜ ትምህርት የሚጀምረው ዘግይቶ ነው፤ አባቱ በሞተበት ዓመት ደግሞ አንድ ዓመት ማቋረጡ አይቀርም። 18 ሲሞላው 10ኛ ወይም 11ኛ ክፍል ላይ ነው። በዚያ ዕለት አበሉ ይቆማል። ሕጉ ልጁን የለቀቀው ፈተናው ሊደርስ ሲል፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰዓት ላይ ነው። ዕድሜን ሳይሆን የክፍል ደረጃን መለኪያ ማድረግ ትንሽ ለውጥ ይመስላል። በደጋው ግን ያ ለውጥ ፈተና በሚቀመጥና በማይቀመጥ ልጅ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ተጠባባቂውና ሚሊሺያው ጋ ስንደርስ ነገሩ ይበልጥ ይሳሳል። የጡረታ አዋጁ የሚያውቀው ደመወዝተኛውን ነው። በቀበሌው ጠመንጃ አንግቦ የሚጠብቀው ሚሊሺያ፣ በችግር ጊዜ ተጠርቶ የሚሄደው ምልስ ወታደር፣ ዘመቻው ሲያልቅ ወደ እንሰቱ የሚመለስ ሰው ነው። ጥይቱ ግን በደመወዝተኛውና በእርሱ መካከል አይለይም። አካባቢው ሰው ሲወድቅበት ይሰበሰባል፤ ዕድር ድንኳን ይተክላል፣ ዘመድ ያዋጣል፣ ትምህርት ቤቱም ለልጁ ደብተር ይሰጥ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሰው ደግነት ነው። ደግነቱ ለመርዶው ሰሞን ይበቃል፤ ልጁ 8ኛ ክፍል ሲደርስ አባቱ ማን እንደነበረ የሚያስታውስ ዝርዝር ግን የለም።

ስለ ወታደር ቤተሰብ ትምህርት ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ ወሬው የዩኒቨርሲቲ ነው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ተጀምሮ፣ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኖ፣ ዛሬ ከጨንቻ ቁልቁል ሲታይ እዚያው ነው። ለወታደር ልጅ የወጪ መጋራቱ ይቅር፣ ቅድሚያ ይሰጠው የሚል ሐሳብ ሲነሣ እሰማለሁ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ግን ማን ጋ ይደርሳል? ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 896,520 መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ከ585,882 ተፈታኝ 48,929፣ ማለትም 8.4 በመቶ አለፉ። መሻሻሉ ደስ ያሰኛል፤ አሁንም ግን ከዐሥር ልጅ አንዱ እንኳ በሩን አላለፈም። አባት የሞተበት የገጠር ልጅ ከዚያ አንድ መካከል የመገኘት ዕድሉ ምን ያህል ይሆን? ጥቅሙን ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ማስቀመጥ፣ በር ድረስ ለማይደርሰው ልጅ ሰሐን አስቀምጦ ማዕዱን እንደ መከልከል ነው። የወታደር ልጅ የሚወድቀው 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ፣ ወይም ከቀበሌው ወጥቶ ከተማ ለመከራየት በተገደደባት ዓመት ነው። ድጋፉም መጀመር ያለበት እዚያ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን መንገድ ቀድመውን ሄደውበታል፤ ከስኬታቸውም ከስሕተታቸውም የምንወስደው አለ። ፈረንሳይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሐል፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1917፣ አባቱ በጦርነት የሞተን ልጅ የአገር አደራ የሚያደርግ ሕግ አወጣች። እንዲህ ዓይነቱ ልጅ «የአገር ልጅ» ተብሎ በፍርድ ቤት ይመዘገባል፤ ከእናቱ ሳይለይ፣ በቤቱ እያደገ፣ ለአስተዳደጉና ለትምህርቱ የመንግሥት ድጋፍ ያገኛል። ከሕፃናት አምባ ጋር ሳነጻጽረው ልዩነቱ ያስደንቀኛል። ሐሳቡ አንድ ነው፤ አንዱ ግን ልጁን ወደ መንግሥት ወሰደው፣ ሌላው መንግሥትን ወደ ልጁ ቤት ላከው።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1944 ያወጣችው ጂ አይ ቢል የሚባለው ሕግ ዝናው ትልቅ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተመላሾች መካከል ወደ 7.8 ሚሊዮን የሚሆኑት በዚህ ሕግ ተምረዋል ወይም ሠልጥነዋል፤ ከእነዚህ 2.2 ሚሊዮኑ ኮሌጅ ገብተዋል። ልብ በሉ፣ ብዙው ሰው የተጠቀመው በሙያ ሥልጠናና ከኮሌጅ በታች ባለው ትምህርት ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ወታደሮች ግን በወረቀት ላይ እኩል መብት ነበራቸው እንጂ፣ በተለይ በደቡቡ ግዛቶች፣ ቢሮ ላይ የተቀመጠው ሰውና የተዘጋባቸው ዩኒቨርሲቲ መብቱን ባዶ አድርገውባቸዋል። ሕግ ወረዳ ላይ በሚያስፈጽመው ሰው እጅ እንደሚሞት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሕግ ደግሞ ሁለት ነገር አለው። ወታደሩ የማይጠቀምበትን የትምህርት መብት ተጨማሪ አገልግሎት ለመስጠት ቃል ገብቶ ለሚስቱ ወይም ለልጁ ማስተላለፍ ይችላል፤ ለተጠባባቂውም በተጠራበት ቀን ልክ ተቆጥሮ መብት ይሰጠዋል።  ተጠባባቂ ስንት ቀን እንዳገለገለ መቁጠር ከባድ ሥራ አይደለም፤ መዝገብ ብቻ ይበቃል።

በእኛ አገር አሁን ትልቁ ሥራ ያለው በብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን እጅ ነው። የትግራይን ጦርነት ለማቆም ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ከተፈረመው ስምምነት በኋላ የተቋቋመው ይህ ኮሚሽን በልዩ ልዩ ክልሎች 371,971 የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ሕይወት ለመመለስ ዕቅድ ይዟል። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ሥራው ከትግራይ ጀመረ። ሥራው አስፈላጊ ነው፤ ትጥቁን የፈታ ሰው ሥራና ሙያ ካላገኘ ሰላሙ አይጸናም። ነገር ግን ይህ መርሐ ግብር የተነደፈው ትጥቅ ለሚፈታው ነው። ከጨንቻ ተነሥቶ በመከላከያ ሥር የተዋጋው፣ እግሩን አጥቶ በቦርድ የተሰናበተው ሰው ትጥቅ የሚፈታ ወገን አይደለም፤ ጡረታውን ተቀብሎ ቤቱ የገባ ነው። አንዱን በማቋቋም ሌላውን መርሳት፣ በኋላ በአንድ ዱቡሻ ላይ ሁለቱ ሲገናኙ የሚያስከትለውን ነገር ማሰብ ይገባል። ልጆቻቸው በአንድ ክፍል ቢቀመጡና አንዱ ደብተር ኖሮት ሌላው ባይኖረው፣ ማን ለማን እንደተዋጋ ልጆቹ ከዚያች ወንበር ላይ ይማሩታል።

የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው የተቆጣ ወጣት ፊት ተንበርክከው የለመኑበትን፣ በመስከረም 2011 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ የሆነውን አገር ሁሉ አይቷል። አዲስ አበባ አጠገብ ባለችው ቡራዩ ልጆቻቸው፣ ብዙዎቹ ሸማኔዎች፣ ተጎድተው ሳለ በቀልን ያስቆሙት ያኔ ነው። ይህን የማነሣው ለማሞገስ ብቻ አይደለም። በዚያ አካባቢ ሰው የሚሰማው የሽማግሌ ሸንጎ አለ፤ የማን ልጅ አባቱ ዘምቶ እንደቀረ፣ የማን ልጅ ከትምህርት እንደቀረ ያውቃል። መንግሥት አዲስ ቢሮ መገንባት አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ መዝገብ፣ ከሽማግሌው አንድ ምስክርነት፣ ከመከላከያ አንድ ማረጋገጫ ነው። መዝገቡ ላይ ለሰፈረ ልጅ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ የክፍል ኪራይና የደብተር ድጎማ፣ ዕድሜው ምንም ይሁን 12ኛ ክፍል እስኪጨርስ ወይም ሙያ ኮሌጅ እስኪወጣ ድረስ፤ ድጎማውም የሚከፈለው ለእናቱ፣ ልጁ ክፍል ውስጥ መኖሩ በየወሩ ሲረጋገጥ። በቦርድ ለወጣው ለራሱም የማታ ትምህርት ቤቱ በር በነጻ ይከፈትለት። ሚሊሺያውና ተጠባባቂው በዘመተበት ወር ልክ ይቆጠርለት። እነዚህ ሁሉ በአዋጅ ይውጡ፤ መንግሥት ቢለወጥ የማይለወጡ ይሁኑ፤ እንደ አምባው እንዳይሆኑ።

ጊዜው ደግሞ ይታወቃል። በጋሞ ደጋ ትልቁ በዓል መስቀል ነው። አዲስ አበባ ካሉት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ለመስቀል አገራቸው ይገባሉ፤ ቅቤው፣ ሥጋው፣ ጭፈራው፣ የታረቀው ሁሉ የሚገናኝበት ሳምንት ነው። በዓሉ ሲያልፍ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ልጅ ይዘው የሚሄዱ አሉ። አንዲት እናት ባሏ የሞተባት ዓመት ላይ ከሆነች፣ «ሥራ አስተምረዋለሁ፣ ገንዘብ እልክልሻለሁ» ያላትን ዘመድ እምቢ ማለት ይከብዳታል። የትምህርት ምዝገባ የሚካሄደው ደግሞ ከዚያ በፊት፣ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መጀመሪያ ነው። መዝገቡ ያንጊዜ ተከፍቶ፣ የመጀመሪያው ወር ድጎማ ከመስቀል በፊት እናትየው እጅ ከገባ፣ አውቶቡሱ ከጨንቻ ሲወርድ ልጁ ክፍሉ ውስጥ ይሆናል።